የጥርስ ሕመም ወረርሽኝ እስኪያልፍ አይጠብቅም



ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር «ሰው የሚጨርስ በሽታ ገብቶ አሁን የጥርስ ጊዜ ነው እንዴ?» ሲባል ይሰማል። አባባሉ እውነት ይመስላል። እኛ ግን አንስማማበትም። ነገ በቆቦ፣ በሮቢት፣ በጎብዬና በቀረው የራያ ቆላ ተመድበን ሕፃናትን የምናስተምር ዕጩ መምህራን ስለሆንን ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተናል።

እንደሚታወቀው ኮሮና በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በወሩ መጨረሻም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሽታው በትንፋሽና በምራቅ ይተላለፋል። የጥርስ ባለሙያ ደግሞ እንጀራው የሰው አፍ ሥር ነው፤ የጥርስ መሰርሰሪያውም ምራቁን እንደ ጉም በክፍሉ ይበትነዋል። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ፣ በሽታው በሕዝብ መካከል በተሠራጨበት ሥፍራ አጣዳፊ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና እንዲዘገይ መከረ። ምክሩ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ልብ እንበል! አጣዳፊው ይዘግይ፣ በሩም ይቆለፍ አላለም።

ታዲያ በሩ ቢቆለፍ ምን ይከተላል? ጥርሱ ሌሊቱን ሲነዝረው ያደረ ገበሬ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ በሰፈሩ ወዳለው ጥርስ ነቃይ ይሄዳል። ያልተቀቀለው ጉጠትም ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ይዞራል። ልጇን የሚያስቀምጠውና የሚያስመልሰው እናትም ጤና ጣቢያ መሄድ ከፈራች፣ «ግግ ነው» ትባልና ድዱን ታስፈለቅቃለች። የሚወጣው ግን ትል አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የሕፃኑ የራሱ ጥርስ ነው። በዚያ ስለት መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊገቡበት ይችላሉ። ተቅማጡም እንዳለ ይቀራል፤ ምክንያቱም ልጁን የሚያድነው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ሕክምና እንጂ ምላጭ አይደለም። ከአንዱ በሽታ ሲሸሹ በሌላው መያዝ ማለት እንግዲህ ይኸ ነው።

በእኛ አስተያየት የጥርስ ባለሙያ በወረርሽኝ ጊዜ ለሕዝብ የሚሰጠው አገልግሎት ሦስት ነው። አንደኛ፣ የሚቆየውንና የማይቆየውን ሕመም ይለያል። ፊቱ ወይም ከአገጩ በታች ያለው አብጦ፣ ትኩሳት ይዞት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ያቃተው ሰው ነገ ሳይባል ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሁለተኛ፣ ጥንቃቄን በተግባር ያስተምራል። ጭምብልና ጓንት ለሌላው ሰው እንግዳ ነገር በሆኑ ጊዜ ለእሱ የዘወትር የሥራ ልብሱ ነበሩ። ሦስተኛ፣ የሚያውቀውን ለሌላው ያካፍላል። ባለሙያው ጥቂት ነው፤ እስከ ዞብል ተራራ ሥር ድረስ በየቤቱ ሊደርስ አይችልም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን የየቤቱን ደጃፍ ያውቃሉ። እነሱ ስለ እጅ መታጠብ ሲያስተምሩ ስለ አፍም እንዲያስተምሩ፣ አደገኛውን እብጠትም ለይተው እንዲልኩ የጥርስ ባለሙያው ቢያሠለጥናቸው አንድ ሰው እንደ ብዙ ሰው ይሠራል።

የአካባቢያችን ታሪክም ይህንኑ ያጠናክርልናል። ወረርሽኙ ሳያበቃ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ወደሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮና ዓለም አቀፍ አስቸኳይ የጤና ሥጋት መሆኑ ማብቃቱን ያስታወቀው ገና ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ወንበርና መሣሪያ ይዘረፋል። በየቤቱ የገባ ዕውቀት ግን በቀላሉ አይዘረፍም።

እኛስ መምህራን? የእኛም ድርሻ ቀላል አይደለም። በማሽላው ወቅት ጥንቅሽ ሲመጥጥ የዋለ ልጅ አፉን በንጹሕ ውኃ እንዲጉመጠመጥ፣ መፋቂያውን ለጓደኛው እንዳያውስ፣ በጨርቅ ወይም በክርኑ ሸፍኖ እንዲያስል ማስተማር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጉንጩን ይዞ ጥግ የተቀመጠውን ተማሪ «ሰነፍ» ከማለት በፊት አፉን ክፈት ብሎ ማየት፣ ወላጁንም ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይገባል። ስለ ግግ ደግሞ በወላጆች ስብሰባ ላይ አፍ አውጥቶ መናገር ያስፈልጋል። አባቶችንና እናቶችን ሳናንቋሽሽ፣ በአክብሮት እናስረዳ፤ ልጃቸውን የሚያስፈለቅቁት ስለሚሳሱለት ነውና።

ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ከአሁኑ እንዘጋጅ። የወረዳ የወረርሽኝ መከላከያ ዕቅድ ሲወጣ የጥርስ ባለሙያው ከኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከመምህሩ ጋር አብሮ ይቀመጥ። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለውን መፈክር በግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻ አይበቃም፤ በየክፍሉና በየደጃፉ ይሠራበት እንላለን።