ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ስምና ግብር

ስም ከግብር ጋራ ካልተስማማ በበር ላይ የተቀባ ቀለም ብቻ ነው። «ካቶሊክ» ማለት በግሪክ ቋንቋ ኵላዊ፥ ለሁሉ የሆነ ማለት ነው፤ «ዩኒቨርሲቲ» የተባለውም የላቲን ቃል በጥንት የመምህራንንና የደቀ መዛሙርትን አንድ ማኅበር ያመለክት ነበር። እንግዲህ ሁለቱን ስም አጣምሮ የያዘ ቤት አንድነትን ሁለት ጊዜ የማለ ነው። መሐላው እንዴት እንደሚጠበቅና እንዴት እንደሚፈርስ ለማየት በቤልጂክ አገር የሚገኘውን የሉቫንን ዩኒቨርሲቲ እንመልከት።

ይህ ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1425 ዓ.ም. በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ማርቲኖስ 5ኛ ፈቃድ ተመሠረተ። በ1797 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ዘጋው፤ የአገሩ ጳጳሳት ግን በ1834 ዓ.ም. የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ አድርገው እንደ አዲስ አቋቋሙት።

በዚያ ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ አባ ዦርዥ ለሜትር ናቸው። እኒህ ካህን ዓለመ ከዋክብት እየሰፋ የሚሄድ መሆኑን በ1927 ዓ.ም. በሒሳብ አስረድተው ጻፉ። በ1951 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እንዲህ ያለው ምርምር የፈጣሪን ሥራ ይመሰክራል ብለው በተናገሩ ጊዜ፥ እርሳቸው ደስ አልተሰኙም፤ ምርምራቸው ከሃይማኖት ክርክር ውጭ የቆመ መሆኑን ገለጹ። ምስጋናውን ዝም ብለው ቢቀበሉ ማን ይነቅፋቸው ነበር? ነገር ግን ሃይማኖቱን በዛሬ ሒሳብ ያስደገፈ ሰው፥ ነገ ሒሳቡ ሲታረም ሃይማኖቱም ይናወጥበታል። እርሳቸው ክህነታቸውንም ምርምራቸውንም ይዘው፥ አንዱን የሌላው ባሪያ ሳያደርጉ ኖሩ። የቤቱ መሐላ በእኒህ ሰው ተጠበቀ።

ይሁን እንጂ ይኸው ቤት በሌላ ፈተና ወደቀ። በ1914 ዓ.ም. የጀርመን ሠራዊት ቤተ መጻሕፍቱን ከ200 ሺህ በሚበልጡ መጻሕፍት አቃጠለው፤ በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛ ተቃጠለ፤ ሁለቱንም ጊዜ ታደሰ። እሳት ያላፈረሰውን ግን በ1968 ዓ.ም. የቋንቋ ጠብ ከፈለው። የሆላንድኛ ተናጋሪዎቹ ቋንቋቸው በገዛ አገራቸው ብዙ ዘመን ተንቆ ስለ ነበረ ቅሬታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም በአንድ ጥምቀት የተጠመቁት ወንድማማቾች በአንድ ጉባኤ መማር አቃታቸው፤ ጳጳሳቱ በ1966 ዓ.ም. አንድነቱ ይጠበቅ ብለው ያወጡትም ቃል አላዳነውም። የፈረንሳይኛው ክፍል ሌላ ከተማ ሠርቶ ወጣ፤ ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ ጎዶሎ ቍጥር ያለው ለአንዱ፥ ተጋማሽ ቍጥር ያለው ለሌላው እየተባለ ተካፈሉ።

ሁለቱ ክፍሎች ዛሬም በትምህርት የታወቁ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን ትምህርትማ በማናቸውም ቤት ይገኛል፤ ሐኪምና መሐንዲስ ለማውጣት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ይበቃል። ከካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የሚጠበቀው ከዚህ በላይ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1990 ዓ.ም. ስለነዚህ ቤቶች ሥርዓት ጽፈዋል፤ ሆኖም ሥርዓት በወረቀት ላይ ቢጻፍ የሚፈጽመው ሰው ነው። እውነትን የማይፈራ መምህርና ወንድሙን የማይገፋ ተማሪ ከሌሉ፥ በበሩ ላይ ያለው ስም በገዛ ቤቱ ላይ ምስክር ይሆንበታል። ልብ ያለው ልብ ይበል።