የአንድ ሺህ ብር ኀዘን

በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ ሊከራይ የመጣ ባለሀብት ሒሳቡን አስቀድሞ ይሠራል። የሼዱ ኪራይ፣ የመብራቱ ታሪፍ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ወደብ በባቡር ወይም በከባድ መኪና የሚመጣበት ወጪ በየረድፉ ይሰፍራል። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጣና በድሬዳዋ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የቀረጥ ጥቅሙ ታክሎበታል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ እምብዛም ቦታ የማይሰጠው አንድ ረድፍ ግን አለ። ቦይለር ፈንድቶ፣ ማሽን ይዞ ወይም የሰርቪስ መኪና ተገልብጦ ሠራተኛ ቢሞት፣ ማን፣ ለማን፣ ስንት ይከፍላል?

የዚህ ጥያቄ ክብደት በኢትዮጵያ ምድር በጉልህ የታየው በፋብሪካ ሳይሆን በአውሮፕላን አደጋ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲከሰከስ 157 ሰዎች አልቀዋል። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ንብረት የሆነ ተመሳሳይ አውሮፕላን 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገብቶ ነበር። በሁለቱም አደጋዎች የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፍቀው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በምክንያትነት ተነሥቷል።

ከቢሾፍቱ በኋላ የሟች ቤተሰቦች ሁለት በር ነበራቸው። የመጀመሪያው አጓጓዡ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሞንትሪያል ስምምነት፣ አየር መንገድ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ጥፋቱ ሳይጣራ ካሳ እንዲከፍል ያስገድዳል። መጠኑ በአደጋው ጊዜ ለአንድ መንገደኛ 113,100 የልዩ ገንዘብ ማውጫ መብት ሲሆን፣ ዋጋ እየናረ በመሄዱ በየጊዜው ተሻሽሎ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 151,880 ደርሷል። ከዚያ በላይ ላለው ጉዳት ማስረዳት ያለበት አየር መንገዱ እንጂ ሐዘንተኛው አይደለም።

ሁለተኛው በር አምራቹ ነው። ቤተሰቦቹ ቦይንግን በአሜሪካ፣ በቺካጎ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ኩባንያው በወንጀል በኩል ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በገባው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ለ346ቱ ሟቾች ቤተሰቦች 500 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ይህ ሲካፈል ለአንድ ሟች 1.45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በፍትሐ ብሔሩ በኩል ደግሞ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ኃላፊነቱን ተቀብሎ፣ ጥፋቱን በአየር መንገዱም ሆነ በአብራሪዎቹ ላይ ላለማላከክ ተስማማ። ቤተሰቦቹ በአንጻሩ የቅጣት ካሳ መጠየቁን ተዉ። የቀረው የካሳው ልክ ብቻ ነበር። አብዛኞቹ መዝገቦች በስምምነት ሲዘጉ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም. የቺካጎ ዳኞች ሸንጎ ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈርዷል። የኢሊኖይ ግዛት ሕግ የቤተሰብን ኀዘን ራሱን እንደ ጉዳት ቆጥሮ በገንዘብ እንዲተመን ይፈቅዳል።

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በብዙ ረገድ ጥሩ ሕግ ነው። የማሽንና የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ የሚያቀርብ አምራችም በተለመደው አጠቃቀም ለሚደርስ ጉዳት ይጠየቃል። የሟች የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች ለቀረባቸው መተዳደሪያ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ወደ ኀዘኑ ሲደርስ ግን ያው ሕግ እጁን ይሰበስባል። በቁጥር 2116 መሠረት የሕሊና ጉዳት ካሳ በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር መብለጥ አይችልም።

ሕጉ በወጣ ጊዜ 1,000 ብር 400 ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ሥራው ለተሰረቀበት ደራሲ ወይም ሙዚቀኛ የሚከፈለው የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ለካሴት ወለል አለው፤ ለልጅ ሞት ጣሪያ አለው። ይህን የሚያስታርቅ የሕግ ፍልስፍና ማግኘት ያስቸግራል።

የሥራ ላይ ጉዳት ካሳም የሚለካው በደመወዝ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳትን በዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ ይተምናል። ለምሳሌ በወር 4,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ ብትሆን ሒሳቡ 240,000 ብር ይመጣል። ደመወዝ ዝቅ ባለ ቁጥር ሕይወትም ይረክሳል ማለት ነው።

ጉዳዩ የርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ የገበያ ነው። አንድ ድርጅት ለማሽን መከለያ፣ ለቦይለር ምርመራና ለእሳት መውጫ የሚያወጣው ገንዘብ ከአደጋው ዋጋ ጋር ይመዘናል። አደጋው ርካሽ ከሆነ ጥንቃቄው ውድ ይሆናል። ያልተከፈለው ወጪም አይጠፋም፤ ከፋብሪካው መዝገብ ወጥቶ በሐዘንተኛው ቤት ይመዘገባል።

ካሳ ቢጨምር ባለሀብት ይሸሻል የሚሉ አይጠፉም። ሥጋቱ ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ ባይሆንም፣ ከባድ ካሳ የሚሸከመው ኢንሹራንስ ነው፤ ኢንሹራንስ ደግሞ ጥንቁቁን በአነስተኛ፣ ዝርክርኩን በከፍተኛ ዐረቦን ይለያል። የባንግላዴሹ ራና ፕላዛ ሕንፃ በ2005 ዓ.ም. ተንዶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ 30 ሚሊዮን ዶላር የካሳ ፈንድ ለማሟላት ሁለት ዓመት ልመና አስፈልጓል፤ የአገሪቱ የልብስ ኢንዱስትሪ ስምም በዓለም ገበያ ጎድፏል። ርካሽ ሞት ለላኪ አገርም አያዋጣም።

በመሆኑም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቁጥር 2116ን ጣሪያ ሊያነሣ፣ ቢያንስ እንደ ሞንትሪያሉ ስምምነት ከዋጋ ንረት ጋር እንዲሻሻል ሊያደርግ ይገባል። በፓርኩ ለሚገባ ባለሀብት የኃላፊነት መድን ግዴታ ይሁን። ማሽን ሲገዛም አምራቹ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንዲጠየቅ በውሉ ይስፈር፤ በአገር ውስጥ ንብረት የሌለውን አምራች ባሕር ተሻግሮ መክሰስ ለድሬዳዋ ቤተሰብ የሚቻል አይደለምና። ከውል ውጭ ኃላፊነት ክስ በሁለት ዓመት በይርጋ እንደሚታገድም ሠራተኛው ሲቀጠር ሊነገረው ይገባል።

የቢሾፍቱ ሟቾች ቤተሰቦች ኃያሉን ኩባንያ ኃላፊነቱን ያሳመኑት ሕጉ ኀዘናቸውን ከቁም ነገር ስለቆጠረላቸው ነው። የድሬዳዋዋ የልብስ ሰፊ እናት ከዚያ ያነሰ እንባ የላትም።