የወንጀል ጥናት ወደ ደጋውም ይውጣ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በቀየትና ቀየትን በመሳሰሉ ቦታዎች፣ በድንበር ገፋህና በግጦሽ ነካህ የተነሳ ጠብ ነፍስ ሲያጠፋ ጉዳዩ ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ዘንድ ብቻ አይቀርም። ካህናትና የአገር ሽማግሎች ወደ ሟች ቤተሰብ ይላካሉ፤ የደም ካሳ ይቆረጣል፤ ደም ይደርቃል። ፍርድ ቤት ገዳዩን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 መሠረት ከ5 እስከ 20 ዓመት ቢያስረውም፣ ዕርቅ ካልወረደ የሟች ወንድም ጠመንጃውን ላያስቀምጥ ይችላል። ዕርቁ ብቻውንም መዝገብ አይዘጋም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው ለግልና ለቤተሰብ ክርክር እንጂ ለነፍስ ግድያ አይደለም።

በዩኒቨርሲቲ የወንጀል ጥናትና የወንጀል ፍትሕ የሚማር ወጣት ከዚህ የበለጠ ምን ጥያቄ ይፈልጋል?

ጣሊያናዊው ሎምብሮሶ በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛን በራስ ቅሉ ቅርጽ እለያለሁ ብሎ ነበር፤ አልሆነለትም። የቺካጎ ምሁራን ደግሞ ያጠፉ ልጆች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች በካርታ እያሰፈሩ አጠኑ። ተማሪው ይህን ይወቅ። ግን የቺካጎ ካርታ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝን የመሬት ሙግት አያስረዳም። እዚያው ቺካጎ የተማረው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን እንኳ የአማራን ማኅበረሰብ ለማወቅ መንዝ ድረስ መጥቶ ኖሯል፤ መጽሐፉ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ነው።

አውጫጭኝን ደግሞ ማን ያስተምር? በቀደመው ዘመን ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ ያገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል፤ ሥራ ፈታን ቢሉም ጉባኤው አይበተንም። እያንዳንዱ ምሎ የሚያውቀውን ያወጣል። ሌባው ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት ዋጋ አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። አፉን የዘጋን ምስክር ማናገር የሚችል ብልሃት ነበር፤ በቂም የተጠቆመን ንጹሕ ሰውም ሊያስቀጣ ይችል ነበር። ዛሬ ምስክር በዘመድና በፍርሃት ሲጠፋ የሚቸገር መርማሪ ከሁለቱም የሚማረው አለ።

የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ሰንዳፋ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም በሰንዳፋ በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ደጋው ለሁለቱም ሩቅ አይደለም። የትምህርት ክፍሎች ተማሪን ከመመረቁ በፊት ወደ ገጠር ይላኩት፤ ሽማግሌውንም፣ ባሏ የተገደለባትንም ሴት ቁጭ ብሎ ያድምጥ። ፍርድ ቤቶችም ውሳኔ ያገኙ የግድያ መዝገቦችን የባለጉዳዮቹን ስም እየሸፈኑ ለተማሪዎች ይክፈቱ።