የወይዘሮ ሊ ቺንግዣዎ መጻሕፍትና የጠፋው ዜማ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጅ አስተዳደግ፥ ስለ ምግብና ስለ ልብስ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ዛሬ ግን የመጻሕፍት ሣጥን ላለው ቤት ሁሉ የሚስማማ ሌላ ነገር ይዘን ቀርበናል። ይኸውም በቻይና አገር የነበሩ ባልና ሚስት መጻሕፍታቸውን እንዴት እንደ ሰበሰቡና እንዴት እንዳጡ፥ ሚስቲቱም ስለ ዘፈን የጻፈችው ነገር ከጊዜ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት የሚናገር ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሴቲቱ ሊ ቺንግዣዎ ትባላለች። በ1084 ዓ.ም. ከተማረ ሹም ቤት ተወለደች። በ1101 ዓ.ም. ዣዎ ሚንግቼንግ የሚባለውን የታላቅ ሹም ልጅ አገባች፤ በአገሩ የዕድሜ አቆጣጠር እርሷ 18፥ እርሱ 21 ዓመታቸው ነበር። ባልዮውም በዋናው ከተማ በካይፈንግ በመንግሥቱ ትምህርት ቤት ገና ተማሪ ስለ ነበረ፥ የአባቱ ሹመት ከፍ ያለ ቢሆንም በእጁ ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ በወር ኹለት ጊዜ ፈቃድ ሲያገኝ ልብሱን መያዣ አድርጎ 500 የናስ ገንዘብ ይበደርና በአንድ ታላቅ ቤተ መቅደስ አጠገብ ወዳለው ገበያ ይሄዳል። በዚያም ጥቂት ፍራፍሬና የድንጋይ ጽሕፈት ግልባጭ ገዝቶ ይመለሳል። ግልባጭ ያልነው፥ በጥንት ሐውልት ላይ የተቀረጸውን ጽሕፈት እርጥብ ወረቀት ለጥፈው ቀለም ሲያስነኩት ፊደሉ በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣውን ነው። ባልና ሚስቱም ፊት ለፊት ተቀምጠው ፍራፍሬውን እየበሉ የጥንቱን ጽሕፈት ያነቡ እንደ ነበረ፥ ይህም ታላቅ ደስታቸው እንደ ነበረ፥ ወይዘሮይቱ ራሷ ጽፋዋለች።

አንድ ቀን ሹ ሺ የሚባል ስመ ጥር ሠዓሊ የሣለውን የአበባ ሥዕል አንድ ሰው ይዞ መጣና 200,000 ጠየቃቸው። ሥዕሉን ኹለት ሌሊት ከቤታቸው አሳድረው ዋጋውን የሚያገኙበት መንገድ ስለ ጠፋቸው መለሱለት። ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን እርስ በርሳቸው እየተያዩ ሲያዝኑ ሰነበቱ። የሹም ልጆች ሆነው ሳሉ ለዚህ ሲሉ ከማንም ገንዘብ አለመቀበላቸውን እኛ እናደንቃለን።

ኋላም ከዋናው ከተማ ወጥተው በሻንዶንግ አውራጃ በቺንግዡ በተቀመጡ ጊዜ ቤታቸው በመጻሕፍት ሞላ። ከራት በኋላ ሻሂ ያፈሉና አንድ ነገር ያነሣሉ፤ ይህ ነገር በየትኛው መጽሐፍ፥ በስንተኛው ጥራዝ፥ በየትኛው ገጽና በስንተኛው መስመር እንደሚገኝ ይጠያየቃሉ። ያወቀው ሻሂውን አስቀድሞ ይጠጣል። ወይዘሮይቱ የማስታወስ ኃይሏ ብርቱ ስለ ነበረ ብዙ ጊዜ የምትረታ እርሷ ነበረች፤ ነገር ግን ከሣቋ የተነሣ ፊንጃሉ በጭኗ ላይ ይደፋና ሳትጠጣው ትነሣለች። መጻሕፍት ባሉበት ቤት ልጆች ለንባብ እንዲተጉ የሚሹ እናቶችና አባቶች ይህን ጨዋታ ቢሞክሩት ወጪው ጥቂት ሻሂ ብቻ ነው።

ሀብት ግን የራሱን ጭንቀት ያመጣል። ባልየው መጻሕፍቱን በቁጥር ደርድሮ በቁልፍ ዘጋባቸው። ማንበብ የፈለገ ቁልፍ መጠየቅና በመዝገብ መጻፍ ግድ ሆነበት፤ ጥቂት ያጐደፈም እንደ ሆነ ይወቀስና እንዲያጸዳው ይታዘዛል። ወይዘሮይቱ ይህን አልወደደችውም። ደስታ ለማግኘት የተሰበሰበው ነገር መሳቀቂያ ሆነብን ትላለች። ስለዚህ ከገበታዋ ኹለተኛውን የሥጋ ወጥ፥ ከልብሷ ኹለተኛውን የከበረ ቀሚስ፥ ከራሷም የዕንቍ ጌጥ አስቀርታ፥ በዚያ ገንዘብ የምትወዳቸውን መጻሕፍት ለራሷ ኹለተኛ ግልባጭ ትገዛ ጀመር። እኛ በዚህ ነገር ከሚስቲቱ ወገን ነን፤ በቁልፍ ብቻ የሚጠበቅ መጽሐፍ ለብልና ለአይጥ የተቀመጠ ነው።

አሁን ወደ ዘፈኑ ነገር እንመለስ። ይህች ሴት በቻይና ሥነ ጽሑፍ ስሟ የከበረው «ጺ» በሚባለው የግጥም ዓይነት ነው። ጺ ማለት አስቀድሞ በታወቀ ዜማ ልክ ቃል መሙላት ነው። ዜማው የራሱ ስም አለው፤ ገጣሚው ስሙን ከላይ ይጽፍና አዲሱን ቃሉን ከበታች ያገባበታል። ከዚህ የተነሣ የዜማው ስምና የግጥሙ ነገር ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ደግሞ የቋንቋው ጠባይ ነው። በእኛ ቋንቋ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉም እንደሚለወጥ፥ በቻይናም ቋንቋ ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። እንግዲህ ዜማው ከፍ በሚልበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሚነገር ቃል የገባ እንደ ሆነ ዘፈኑ ይሰበራል፤ ሰሚውም ሌላ ነገር ይሰማል።

ወይዘሮ ሊ ስለዚህ ነገር አጭር ጽሑፍ ጽፋለች። የምትጀምረውም በአንድ ታሪክ ነው። በታንግ መንግሥት ዘመን የመንግሥቱን ፈተና አዲስ ያለፉ ሊቃውንት ግብዣ አደረጉ። ከእነርሱም አንዱ ሊ ባላንግ የተባለውን ታላቅ ዘፋኝ አሮጌ ልብስ አልብሶ፥ ስሙንም ለውጦ፥ ዘመዴ ነው ብሎ በግርጌ አስቀመጠው። እንግዶቹ ዘወር ብለው አላዩትም። ሌሎች ዘፋኞች ዘፍነው ከተመሰገኑ በኋላ ያ ወዳጁ ዘመዴም ይዝፈን ብሎ ለመነ። አንዳንዱ ሣቀ፥ አንዳንዱም ተቈጣ። ሰውየው ድምፁን አውጥቶ አንድ ዘፈን በዘፈነ ጊዜ ግን የተቀመጡት ሁሉ አለቀሱ፤ ይህስ ሊ ባላንግ ነው እያሉም ተነሥተው እጅ ነሡት። ሊቃውንቱ በልብሱ ያላወቁትን በጕሮሮው አወቁት።

ከዚህ ታሪክ ተነሥታ ያለፉትን ባለቅኔዎች አንድ በአንድ ትመዝናቸዋለች፤ ለማንም አታደላም። ሱ ሺ የሚባለው ታላቅ ሊቅና ሹም እንኳ አልቀረለትም። እንደ እርሷ አስተያየት እውቀቱ እንደ ባሕር ቢሆንም የጻፈው ጺ መስመሩ ረዝሞና አጥሮ የተቈረጠ ተራ ግጥም ነው፥ በዜማም አይገባም። ለእኛ ፍርዷ የጠነከረ ይመስለናል፤ ሱ ሺ የሰውን ልብ የሚነካ ነገር ጽፏልና። ዳሩ ግን ዘፈን በዓይን የሚነበብ ብቻ እንዳልሆነ፥ የዜማውን ሕግ ያላወቀ ሊቅ የዘፈን ቃል ጻፍሁ ማለት እንደማይገባው መናገሯ እውነት ነው።

በ1127 ዓ.ም. ከሰሜን የመጡት ጁርቸኖች ካይፈንግን ያዙ። ባልና ሚስቱ ወደ ደቡብ ለመሸሽ መጻሕፍታቸውን መረጡ። ትልልቁን የታተመ መጽሐፍ ተዉ፤ ብዙ ቅጂ ያለውን ሥዕል ተዉ፤ ጽሕፈት የሌለውን የጥንት ዕቃ ተዉ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ 15 ሠረገላ ሞላ። በቺንግዡ ከዐሥር በሚበልጡ ክፍሎች ተቈልፎ የቀረው በዚያው ዓመት መጨረሻ በእሳት ጠፋ። በ1129 ዓ.ም. ባልየው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ተጠርቶ ሲለያዩ፥ ከተማው ቢያዝ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችው። እርሱም ሕዝቡን ተከተይ፤ ግድ ከሆነም አስቀድመሽ ጓዙን፥ ቀጥሎ ልብሱን፥ ቀጥሎ መጻሕፍቱንና ሥዕሉን፥ ቀጥሎም የጥንቱን ዕቃ ጣይ፤ የአባቶችን የመሥዋዕት ዕቃ ግን ራስሽ ተሸክመሽ ከእርሱ ጋር ሙች ወይም ዳኝ አላት። ለመጽሐፍና ለናስ ዕቃ ይህን ያህል ተራ ያበጀ ሰው ስለ ሚስቱ ሕይወት ሕዝቡን ተከተይ ከማለት በቀር አለመናገሩ ለእኛ ይከብደናል። እርሷ ግን አልወቀሰችውም። በዚያው ዓመት ታሞ ሞተ።

ከዚያም በኋላ ወደ ሆንግዡ የተላከው 20,000 የመጽሐፍ ጥራዝና 2,000 የድንጋይ ጽሕፈት ግልባጭ ከተማው ሲያዝ ጠፋ። የተረፈውንም ጥቂት ሣጥን በአልጋዋ አጠገብ ስታኖር ሌባ ግድግዳ ነድሎ 5 ሣጥን ወሰደባት። ባሏ ስለ ጥንት ጽሕፈቶች የጻፈው 30 ክፍል ያለው መጽሐፍ ግን ተርፎ ነበርና፥ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይህን የ34 ዓመት ታሪክ እርሷ ጻፈችበት። እኛም ነገሩን ያወቅነው ከዚያ ነው። የራሷ የግጥም መድበል ጠፍቷል፤ ከጺዎቿ ዛሬ የሚነበቡት በሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ተበታትነው የተገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። እነዚህም ቃል ብቻ ናቸው። አንዱም እንኳ እርሷ በምታውቀው ዜማ ሊዘፈን አይችልም።

በቻይና እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። «ሺ ጂንግ» የሚባለው የጥንት መጽሐፍ 305 ዘፈን ይዞ ዛሬም ይገኛል፤ ዜማው ግን የለም። በሃን መንግሥት ዘመን ዜማና ዘፈን የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7 ዓመት ንጉሠ ነገሥት አይ ሲዘጉት 829 ሠራተኞች ነበሩበት፤ ከእነርሱ 441 ተሰናበቱ፥ 388ቱ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ። የሠራተኛው ቍጥር በታሪክ መጽሐፍ ተጽፎ ቀረ፤ እነዚያ 441 ሰዎች ይዘውት የሄዱትን ዜማ የጻፈ ግን አልነበረም።

የጺ ዜማም መንገዱ ይኸው ነው። ዜማውን የሚይዙት በየግብዣው የሚዘፍኑት ሴቶች ነበሩ፤ አንዲቱ ለሌላይቱ በአፍ ታስተምራለች። የሶንግ መንግሥት በ1279 ዓ.ም. ሲጠፋ ከሰሜን የመጣው አዲስ ዜማ ተወደደ፥ አሮጌው ተረሳ። ሊቃውንቱ ግን ጺ መጻፍን አልተዉም። የቃሉን ቍጥርና የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ከጥንቱ ግጥም እየቈጠሩ ባልሰሙት ዜማ ላይ ቃል ይሞሉ ነበር። በ1715 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ትእዛዝ የዜማዎቹ ሁሉ መዝገብ ተዘጋጀ። 826 የዜማ ስምና 2,306 ዓይነት ልክ በውስጡ ይገኛል። ሥራው እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ዳሩ ግን ከዳር እስከ ዳር ቢያገላብጡት የዜማ ምልክት አይገኝበትም።

ከዚህ ጥፋት ጥቂት ያተረፈ አንድ ሰው አለ፤ ጂያንግ ኩይ ይባላል። ከወይዘሮ ሊ በኋላ የተነሣ፥ ፈተናውን ያላለፈ፥ ሹመትም ያላገኘ፥ በወዳጆቹ ቤት እየተዘዋወረ የኖረ ሰው ነበር። ከዘፈኖቹ በ17ቱ ጺዎች ላይ ከየቃሉ አጠገብ የዜማ ምልክት ጻፈ። በአገራችን በድጓ ከቃሉ በላይ ምልክት እንደሚደረገው ማለት ነው። በ1191 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ጡረታ የወጣ ታላቅ ሹም ቤት ሳለ በበረዶ ስለሚያብብ አበባ ኹለት አዲስ ዘፈን አወጣ፤ የሹሙም ዘፋኞች አጠኑት። ባለ ቤቱ በደስታ ከዘፋኞቹ አንዲቱን ሸለመው ይባላል። ቻይናዎች ይህን እንደ መልካም ታሪክ ይተርኩታል፤ ለእኛ ግን ሰውን እንደ ዕቃ መስጠት በማንም አገር ቢሆን የሚወደስ አይደለም።

ምልክቶቹ ለረጅም ዘመን አንባቢ አጡ። በ20ኛው መቶ ዓመት የቻይና የዜማ ሊቃውንት መረመሯቸው፤ ከእነርሱም ያንግ ዪንልዩ ከባልንጀራው ጋር በ1957 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ። ምልክቱ የድምፁን ከፍታ ያሳያል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል እንደሚቈይ ግን በግልጥ አያሳይም። በዚህም ምክንያት አንዱን ዘፈን ኹለት ሊቃውንት ሲያነቡት ኹለት ዓይነት ይሆናል። የድጓን ምልክት ያየ ሁሉ ያለ መምህር እንደማይዘምር ለሚያውቁት አንባቢዎቻችን ይህ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም።

ሱ ሺንም ሳናነሣው አናልፍም። በ1076 ዓ.ም. የመከር ጨረቃ በሞላች ሌሊት እስከ ንጋት ሲጠጣ አድሮ፥ ለብዙ ዓመት ያላየውን ታናሽ ወንድሙን አስቦ የጻፈው አንድ ጺ አለ። ወይዘሮ ሊ በዜማ አይገባም ካለችው ሰው ሥራ አንዱ ነው። በ1983 ዓ.ም. በታይዋን የተወለደችው ዘፋኝ ቴሬሳ ቴንግ፥ ሊያንግ ሆንግዢ ባወጣው አዲስ ዜማ ይህንኑ ቃል አንዲት ሳትለውጥ ዘፍና በሸክላ አስቀረጸችው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ዘፋኞች ደጋግመው ዘፍነውታል፤ በቻይናም ብዙ ሰው ከወንድሙ ወይም ከእናቱ በራቀ ጊዜ በዚያው ዜማ ያንጐራጕረዋል።