ኩባ የቆመ ሰዓት አይደለችም

ስለ ኩባ ጉዞ የሚጻፈውም በቃል የሚነገረውም ምክር ብዙውን ጊዜ «ሳትለወጥ ድረሱባት» ወደሚል አንድ ሐሳብ ይወርዳል። የጉዞ መጻሕፍት ይህን የሚሉት በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ መኪኖችና ቀለማቸው በተላጠ በረንዳዎች ፎቶግራፍ አስደግፈው ነው። በእኛ ዘንድ ግን ሐሳቡ ሌላም ምንጭ አለው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በወጣቶች ደሴት፣ በኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ፣ ተምረዋል፤ ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን በግሬፕፍሩት እርሻ። ዛሬ ወላጆች የሆኑት እነዚያ ተማሪዎች ለልጆቻቸው የሚያወሩት የዚያን ዘመን ኩባ ነው። የአንዱ ምንጭ ማስታወቂያ፣ የሌላው ናፍቆት ይሁን እንጂ ሁለቱም አገሪቱን የቆመ ሰዓት ያደርጓታል። በዚህ ሥዕል ላይ የተመሠረተ የዕረፍት ዕቅድ ይሰናከላል ባይ ነኝ።

መኪኖቹን እንውሰድ። የቆመ ዘመን ማስረጃ ተደርገው ይቀርባሉ፤ ኮፈኑን ከፍቶ ላየ ግን ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ከሌላ መኪና የተነቀለ የናፍጣ ሞተር ነው። የአሜሪካ ማዕቀብና የኩባ መንግሥት ራሱ በመኪና ሽያጭ ላይ የጣለው ገደብ የወለዱት የማያቋርጥ ጥገና ነው። ሐቫና ውስጥ ፕላሳ ቪዬሃ የሚባለው አደባባይ ደግሞ ይብሳል። ስሙ «አሮጌው አደባባይ» ማለት ነው። ነገር ግን በ1952 ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶበት ነበር፤ ዛሬ ጎብኚው «አልተለወጠም» እያለ ፎቶ የሚነሳበት ሜዳ ያ ማቆሚያ ፈርሶ በ1990ዎቹ እንደገና የታነጸ ነው። በኤውሴቢዮ ሌአል ይመራ የነበረው የከተማዋ የታሪክ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። አሮጌ መስሎ የሚታየው ከብዙዎቻችን ዕድሜ ያንሳል።

እውነተኛዋ ኩባ የምትታወቀው በመብራቷ ነው። ኦክቶበር 18 ቀን 2024 አንቶኒዮ ጊቴራስ የተባለው የኃይል ማመንጫ ሥራ ሲያቆም መላ አገሪቱ ጨለመች፤ ከዚያ ወዲህም እንዲሁ ያለው ጨለማ ተደጋግሟል። ስለዚህ ማረፊያ ከመያዝ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ከመስኮቱ ባሕር ይታይ እንደሆነ ሳይሆን ጄኔሬተር ወይም ባትሪ መኖሩና የውኃ ታንከር ጣሪያ ላይ መኖሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ውኃ መግፊያውም ይቆማል፤ ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ፓወር ባንክና የእጅ ባትሪ፣ እንዲሁም የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ለሙሉ ቆይታው የሚበቃ መያዝ ግድ ነው። ፋርማሲ ገብቶ የራስ ምታት ክኒን አገኛለሁ ብሎ መተማመን ያ የድሮው ትዝታ የሚያመጣው ስሕተት ነው።

ገንዘቡም ተለውጧል። ሁለት ዓይነት ፔሶ የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ በእጁ ያለ ሰው ይጣለው፤ ለጎብኚ ይውል የነበረው ሴ ኡ ሴ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ቀርቷል። በ2022 መንግሥት ዶላሩን በ120 ፔሶ ሲተምን የመንገዱ ዋጋም ለዚያ የቀረበ ነበር፤ በኋላ ግን ልዩነቱ እጅግ ሰፋ። አሜሪካ ውስጥ ከሚገኝ ባንክ የወጣ ካርድ አይሠራም። በትናንሽ ኖቶች የተዘረዘረ ጥሬ ዩሮ ወይም ዶላር ይዞ መሄድና በአንድ ጊዜ ብዙ አለመመንዘር ይሻላል።

«ደሴት ናት፣ በሳምንት ትዞራለች» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ኩባ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ከሐቫና ሳንቲያጎ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ነዳጅ ከጠፋ ደግሞ ጭራሹኑ ላይነሳ ይችላል። ሐቫናን፣ ቪኛሌስንና ትሪኒዳድን የያዘ አሥር ቀን በቂ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከግንቦት ማብቂያ እስከ ኅዳር ቢዘልቅም የሚያሰጋው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው ነው፤ ሰኔን መፍራት ዝናብን ከመፍራት አይለይም።

«ችግር ካለ በባሕር ዳርቻዋ በቫራዴሮ ሆቴል ገብቶ መተኛት ነው» የሚሉ አሉ። ጄኔሬተሩን በተመለከተ እውነት አላቸው። ነገር ግን ከትልልቆቹ ሆቴሎች ብዙዎቹ የጦር ኃይሉ የንግድ ድርጅት የሆነው የጋኤሳ ንብረት ናቸው። ከ1997 ጀምሮ በሕግ የተፈቀደው ካሳ ፓርቲኩላር፣ ማለትም ቤተሰብ የሚያከራየው ክፍል፣ ገንዘቡን ቁርስ ለሚያቀርቡልዎት እናት ይሰጣል። እዚያ ጾመኛ አይቸገርም፤ ሩዝና ጥቁር ባቄላ የዘወትር ምግብ ነው። ባቄላው ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ጮማ ስለሚሠራ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ማንቴካ» (ያለ ሥጋ፣ ያለ ጮማ) ማለትን ቀድሞ መልመድ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ በራሽን የሚታደለው የኩባ ቡና ከተቆላ አተር ጋር የተቀላቀለ ነው። ተቆልቶ የተፈጨ የይርጋጨፌ ቡና ለቤቱ እመቤት ይዞ ከመሄድ የተሻለ ስጦታ አላውቅም።

ወረቀቱ ግን ቀልድ የለውም። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን አይርሳ። አሜሪካ የሚኖር ወገን «ለቱሪስትነት» መሄድ በአሜሪካ ሕግ ስለሚከለከል ከ12ቱ የተፈቀዱ ምክንያቶች በአንዱ መሄድ አለበት። በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ፓስፖርት የሚጓዘው ደግሞ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ወዲህ ኩባ ከረገጠ ያለ ቪዛ በሚያስገባው የኢንተርኔት ፈቃድ፣ በኢስታ፣ ወደ አሜሪካ መግባት ተከልክሏል፤ ቨርጂኒያ ያለች እኅቱን ለመጠየቅ ኤምባሲ ተሰልፎ ቪዛ ማውጣት ይጠበቅበታል። ይህን ከትኬቱ በኋላ የሚያውቅ ሰው ያሳዝነኛል።

የወላጁን ትምህርት ቤት ለማየት ወደ ወጣቶች ደሴት መሻገር የሚፈልግም ይኖራል። ከባታባኖ ጀልባ ወደ ኑዌቫ ሄሮና ይሄዳል፤ የትምህርት ቤቶቹ ሕንጻዎች ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ጀልባው በነዳጅና በአየር ጠባይ ምክንያት ስለሚቀር፣ ወደዚያ የሚሻገር ሰው ከሐቫና የመመለሻ በረራው በፊት ቢያንስ ሁለት ባዶ ቀን ይተው።