የስሟ ባለቤት

«እኛስ አውሮፕላን ሠርተን እናውቃለን?» አሶሳ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ አንጋጦ የሚያይ ልጅ እንዲህ ቢጠይቃችሁ «አዎ» በሉት።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በንጉሡ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ብዙም ሳትበር ጣሊያኖች አገሪቱን ሲወሩ ወሰዷት። ሮም አጠገብ ባለው የቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ስትታይ ኖራ በጥር 2016 ተመለሰች።

የስሟ ባለቤት ግን ይህን አላዩም። ለንደን ነርስነት ተምረው የመጡት ልዕልት ፀሐይ በነሐሴ 1934 ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ፤ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ከአሶሳ አዲስ አበባ በመኪና የምትሄዱ ነቀምት ላይ ታልፋላችሁ፤ ለልጆቹ እዚያ ንገሯቸው።