የስንዴ ትንበያና የቁሉምሳ መዝገብ

በአርሲ ደጋ ዘር አውጪውና ዋግ ዘወትር ይሽቀዳደማሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዘር ጐዳው፤ በእርሱ ፋንታ በብዛት የተዘራው ዲገሉም በ2013 ዓ.ም. በግንድ ዋግ ተመታ። አዲስ ዘር ለማውጣት ደግሞ ዐሥር ዓመት ያህል ይፈጃል።

ዛሬ ግን ሊቃውንት የቡቃያውን ዲ.ኤን.ኤ. መርምረው፥ ማሳውንም በድሮን ፎቶግራፍ አንስተው፥ ምርቱን ከአጨዳ በፊት ይተነብያሉ። ዘዴው ጊዜውን እንደሚያሳጥር አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚማረው ቀድሞ ታጭዶ ከተመዘነ ምርት ነው፤ በባዕድ ሜዳ የተማረ ስሌት በአርሲ ደጋ ሊስት ይችላል።

ስለዚህ እኛ እንደሚመስለን፥ በአሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ትልቁ ሀብት ካሜራው ሳይሆን የየዓመቱ የሙከራ መዝገብ ነው። ወጣቱ ባለሙያ ሳይመዝን በግምት የሚሞላው ቁጥር ነገ የተሳሳተ ዘር ሆኖ በገበሬው ማሳ ይበቅላል።